ፊቷ የተናገረው

ሉሊት መወፈር የጀመረች ጊዜ ከቁስቋም እስከ ዊንጌት ያልተደሰተ ሰው አልነበረም። ባለሱቋ ዘኪያ ዳቦ እየጠቀለለችላት ፊትሽ ሙሉ ጨረቃ ሆነ አለቻት። ከቅዳሴ የሚመለሱ የሠፈር እናቶች መንገድ ላይ እያስቆሙ ጉንጯን ቆንጠጥ አድርገው መረቋት። ያሳደገቻት አክስቷ ዓለሜ ደግሞ ከሁሉም ባሰች። ሃያ ዓመት ሙሉ "ይቺን ልጅ አንድ ቀን የእንጦጦ ነፋስ ይዞብኝ ይሄዳል" ስትል የኖረች ሴት፣ የሉሊት ቀሚስ ወገቡ ላይ አልዘጋ ያለ ቀን እልል ማለት ብቻ ነበር የቀራት።

እኛ ሰዎች እንዲህ ነን። ሰው ሲከሳ ምን ነካው ብለን እንጨነቃለን፤ ሲወፍር ግን ምን እንደነካው የሚጠይቅ የለም። ተመቸው ብለን እናልፋለን።

ሉሊት ራሷም ደስ ብሏት ነበር፤ ምክንያትም ነበራት። ከኤችአይቪ ጋር ነው የተወለደችው። እሷ አራት ዓመት ሲሆናት ስለሞተችው እናቷ የምታስታውሰው አንዲት የቀጠነች እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉንጯን በመስተዋት እየመረመረች ያደገች ልጅ ናት። ቫይረሱ በምርመራ እስከማይገኝ ድረስ ከወረደ በኋላ እንኳ ያ ፍርሃት አልለቀቃትም። አሁን መስተዋቱ ክብ ፊት ሲያሳያት የምን ፍርሃት፣ አለፈ እኮ አለች ለራሷ።

ደግሞም ጊዜዋ ነበር። ዊንጌት አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች። ኢታናን ደግሞ ከሥራዋም አስበልጣ ትወዳለች።

ኢታና የዚያው ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። በስልክ "ደህና ነሽ?" ከማለት የማያልፍ ሰው ሲሆን አንደበቱ የሚፈታው ወረቀት ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የተዋሰውን መጽሐፍ ይመልሳል። ሉሊት መመለሱን መዝግባ ወደ መደርደሪያ ከመውሰዷ በፊት፣ ከገጾቹ መሀል አራት እጥፍ የታጠፈ ወረቀት ታወጣለች። አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ዘለቁ። ያን ሁሉ መጽሐፍ ያንብበው አያንብበው እግዜር ይወቅ።

ስለ ጤናዋ የነገረችው ከአሥር ወር በፊት ነው። ያን ሳምንት ኢታና መጽሐፍ አልመለሰም። ሉሊት በዚያ ሳምንት ያለቀሰችውን ያህል በዕድሜዋ አልቅሳ አታውቅም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ፣ ጠይቆ፣ ተረድቶ የጻፈው አራት ገጽ ደረሳት። "ፈርቼ ነበር፤ አሁን ግን አውቃለሁ፤ የማውቀውን ነገር አልፈራም" ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ለእናቴ መንገር ያንቺ ፈንታ ነው፣ እስክትነግሪያት ድረስ እኔ አፍ የለኝም ብሎ ምሎላታል።

የሉሊት ፍርሃት እንግዲህ እኚያ እናት ነበሩ። ወይዘሮ አስቻለች በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የመድኃኒት መስጫ መስኮት ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ እሑድ ጸሎት ቤት ቀርተው የማያውቁ፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሴት ናቸው። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ በምትሸጥ ሴት ቤት ያደገች፣ በዚያ ላይ የቁስቋም ማርያም ልጅ፣ ለአንድ ልጃቸው ትሁን ብለው እሺ እስኪሉ ድረስ ኢታና ስንት ምሽት እንደተሟገተ እሱና እሳቸው ናቸው የሚያውቁት። ፋሲካ ሲያልፍ ሽማግሌ ይላካል ተብሏል። ይህን አንድ ነገር ቢሰሙ ግን ሽማግሌው ከበር እንደሚመለስ ሉሊት እርግጠኛ ነበረች።

ውፍረቱን ያመጣው ነገር በአንዲት ቃል ጀመረ። የኤችአይቪ መድኃኒቷን የምትወስደው ሁለት ታክሲ ይዛ ከተማው ሌላ ጫፍ ካለ ሆስፒታል ነው፤ የጉለሌ ሰው እንዳያያት። ቤት ስትደርስ ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በሙቅ ውሃ ታስለቅቃለች። እንደ እሷ የሚያደርግ ብዙ ነው። ከስምንት ወር በፊት አስሟ ሲብስባት ግን ሩቅ መሄድ አልቻለችምና ሠፈር ያለ ክሊኒክ ገባች። ሐኪሙ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ውጭ አግዳሚው ላይ አንዲት የሠፈር ሴት ተቀምጣለች። ሉሊት "የለም" አለች። ሐኪሙም የነገረችውን አምኖ ጠዋትና ማታ በአፍ የሚሳብ ፓፍ አዘዘላት። አስሟን አትደብቅም፤ ፓፉን ኢታናም እናቱም ያውቁታል። ትንፋሿ ተመለሰ፤ ጨረቃዋም መውጣት ጀመረች።

አንድ እሑድ ወይዘሮ አስቻለች ለምሳ ጠሯት። ዶሮ ተሠርቷል፣ ጎመን በስጋ አለ፣ ጎረቤትም ተጋብዟል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ መጥታ ቀና ብለው አይተዋት የማያውቁት ሴት፣ ያን ቀን ዓይናቸውን ከላይዋ ሊያነሱ አልቻሉም። ፊቷን አዩ። ስታጎነብስ ማጅራቷን አዩ። ከምሳ በኋላ ዕቃ ልጠብ ብላ እጅጌዋን ስትሰበስብ ደግሞ ዓይናቸው ክንዷ ላይ ቆመ። ፊቷ ቢሞላም ክንዶቿ ቀጥነው ነበር፤ የመጽሐፍ ካርቶን ገጭቷት የበለዘ ቦታም አለ፤ ሰሞኑን ደግሞ በትንሽ በትልቁ ትበልዝ ነበር። ሉሊት ሆዷ ገፋ ብሎ ስለነበር ነፍሰ ጡር መሰልኳቸው ብላ በላብ ተጠመቀች።

ኩሽና ውስጥ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ወይዘሮ አስቻለች ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ ከፓፉ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

ሉሊት ክው አለች። ይህን ጥያቄ ሰው ካልነገረው በቀር ማን ይጠይቃል? ሊነግራቸው የሚችል ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሳሎን ተቀምጦ ከጎረቤት ጋር የሚስቀው።

"የለም እትዬ" አለች፤ ይህን ቃል ስትናገር ሁለተኛ ጊዜዋ ነው።

ወይዘሮ አስቻለች ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። በዚህ መሀል አንዲት ጎረቤት ሳህን ይዛ ገባች፤ እሳቸውም እሺ ብለው ዝም አሉ። ሉሊት ራሴን አመመኝ ብላ ወጣች። ኢታና ልሸኝሽ ቢላትም አልፈቀደችም። ቁልቁል ወደ ታክሲው ስትወርድ ያቃጠላት ሚስጥሯ መውጣቱ አልነበረም። የሚያንገበግባት የነገራቸው እሱ መሆኑ ነበር።

ማክሰኞ ኢታና መጽሐፉን ይዞ መጣ። ሉሊት ቀና ብላ ሳታየው መዘገበችው።

"ለማን ነገርክ?" አለችው።

"ለማንም።"

"ኢታና፣ አንድ ጊዜ ነው የምጠይቅህ።"

"አንድ ጊዜ ነው የምመልስልሽ። ለማንም አልነገርኩም። ደብዳቤውን አንብቢው።"

እሷ ግን መጽሐፉን ከነደብዳቤው ወስዳ መደርደሪያው ውስጥ አስገባችው። ኢታና ያን አይቶ ወጣ፤ ፊቱ ላይ ያየችውን ግን ከዚያ ወዲያ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ታየው ነበር። እሷ ጠልታው ቢሆን ኖሮ እንዲያ አያምም ነበር፤ ችግሩ መውደዷ አለመቀነሱ ነው።

ንዴቷን በማን ታውርድ? በፊቷ ላይ አወረደችው። ያጋለጠኝ ይህ ውፍረት ነው፣ ያመጣብኝም ፓፉ ነው አለች፤ ግማሹን እውነት አላጣችውም። ያኑ ቀን ፓፉን ጣውላ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ማንንም አላማከረችም። ማንን ታማክር? አንዱ ሐኪሟ ስለሌላው አያውቅም፣ ሌላውም ስለአንዱ።

ሦስት ቀን ምንም አልሆነችም። በአራተኛው ቀን የቁስቋምን ዳገት ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቁጭ አለች። በስድስተኛው ምግብ አስጠላት። በስምንተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ተነሥታ ስትቆም ሰማይ ምድሩ ዞረባትና ግድግዳ ይዛ ቀረች፤ የበላችውንም አስመለሳት። ዓለሜ ያን አይታ በጣቷ ወር መቁጠር ጀመረች። ሉሊት ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ሆና ሳቋ መጣ፤ ለመሳቅ ግን አቅም አጣች።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ በሩ ተንኳኳ። ዓለሜ ስትከፍት ወይዘሮ አስቻለች ዳገቱ ትንፋሻቸውን ቆርጦት፣ ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ቆመዋል። ኢታና ሉሊት ሥራ አልመጣችም ብሎ ሲተክዝ አይተው ነው ለእሱ እንኳ ሳይነግሩ የመጡት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን መስቀለኛ ያጣፋች፣ ሌላዋ መጽሐፍ ቅዱሷን በቦርሳዋ የያዘች፤ ከዚያ ቀን በፊት ሰላምታ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። ዓለሜ ይግቡ አለች።

ወይዘሮ አስቻለች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። የሉሊትን እጅ አንስተው የልብ ምቷን ቆጠሩ።

"ፓፉን ተውሽው እንዴ?"

"አዎ።"

"መቼ?"

"ዘጠኝ ቀኔ።"

"ዓለሜ፣ ልብስ ያልብሷት። አሁኑኑ ነው የምንሄደው።"

ኮንትራት ታክሲ ተጠርቶ ሦስቱ ከኋላ ተቀመጡ። ሉሊት ራሷን መደገፍ አቅቷት በወይዘሮ አስቻለች ትከሻ ላይ ነበረች። የምትሞት መሰላትና ሳትናገር መሄድ አልፈለገችም።

"ኢታና ስለነገረዎት ተቀይሜው ነበር" አለች። "አሁን ትቼዋለሁ። ይንገሩልኝ።"

ወይዘሮ አስቻለች ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ሥር ተናገሩ።

"ኢታና ምንም አልነገረኝም። የነገረኝ ፊትሽ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት መስኮት ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ፊት አውቃለሁ። ክብ ፊት፣ የቀጠነ ክንድ፣ በትንሹ የሚበልዝ ቆዳ። ፓፉ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ሲበዛ የሚያመጣው ነው። የአስም ፓፍ ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ አብሮት ሌላ መድኃኒት ካለ ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሆነም አውቃለሁ።"

ሉሊት ዓይኗን ጨፈነች።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"በመስኮት ያየሁትን ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለልጄም ቢሆን አልናገርም። ኩሽና ውስጥ ግን ላንቺ ግልጽ አድርጌ መናገር ነበረብኝ። ሰው ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ያንቺው ፍርሃት ነው የያዘኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስንል ኖረን፣ እኔ መድኃኒቱን ይዤ ደበቅኩት።" ከዚያም ቀስ ብለው ጨመሩ፣ "ይቅር በይኝ።"

ዓለሜ በሌላው ጎን ተቀምጣ አለቀሰች። ሉሊት ግን ከዚያ እሑድ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሲነሣ ተሰማት። ኢታና አልነገረም። መታመሟ፣ ማዞሩ፣ ማቅለሽለሹ ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ያች ደቂቃ በዚያ ዓመት ካሳለፈቻቸው ሁሉ ደስ ያለቻት ነበረች።

የሆስፒታሉ ድንገተኛ ክፍል በሰው ተሞልቶ ነበር። መጋረጃ የለም፣ በር አይዘጋም፣ አስታማሚው ሁሉ ዓይኑን ይተክላል። ወጣቷ ሐኪም የደም ግፊቷን ለካችና ፊቷ ተለወጠ፤ በጣም ወርዶ ነበር። ቶሎ ቶሎ እየጻፈች ጠየቀች።

"ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ሉሊት ዙሪያዋን አየች። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ የተኛች ሴት ታያታለች። በሩ ላይ ደግሞ ኢታና ቆሟል፤ ዓለሜ ደውላለት ከክፍል ሮጦ መጥቶ ጠመኔው እጁ ላይ ነው። ወይዘሮ አስቻለች እጇን ጨበጥ አደረጉ እንጂ አልመለሱላትም።

"አለ" አለች ሉሊት። ድምፅዋ እሷ ካሰበችው በላይ ወጣ። "የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ተቀይሮልኛል፤ ሪቶናቪር ያለበት ነው። አንድ ቀን ዘልዬ አላውቅም። የአስም ፓፍም ስምንት ወር ስስብ ቆይቼ በራሴ አቆምኩት።"

ጣሪያው አልወደቀም። የጎኗ ሴት ወደ ራሷ ሕመም ፊቷን መለሰች። ኢታና ግን ደንግጦ ወደ እናቱ ዞረ፤ እናቱ አለመደንገጣቸውን ሲያይ የባሰ ደነገጠ።

"እማዬ፣ ታውቂያለሽ?"

"አንተስ ታውቃለህ?"

እናትና ልጅ አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ፣ ያንኑ አንድ ሚስጥር አንዱ ካንዱ ሲደብቁ ከርመው ነበር። ወይዘሮ አስቻለች መጀመሪያ ሳቁ። ኢታና ተከተለ። ሉሊት ክንዷ ላይ መርፌ እየተሰካ እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ እሷ ሲሉ መደበቃቸውን እያሰበች እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወረደ።

ሐኪሟ ያስረዳቻቸው ማታውን፣ የደም ግፊቷ ሲመለስ ነው። ፓፉ ውስጥ ያለው ስቴሮይድ ሳንባ ላይ ሠርቶ፣ ወደ ደም የሚያልፈውን ጥቂት ጉበት ያጸዳዋል። ሪቶናቪር ግን የጉበትን እጅ ይይዛል። ስለዚህ ያ ጥቂት ሳይጸዳ ቀን በቀን ተጠራቅሞ፣ ሰውነቷ ከውጭ ሲመጣለት ራሱ የሚሠራውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር መሥራት ተወ። ድንገት ስታቆመው ሁለቱንም አጣች። አሁን ስቴሮይዱን በመርፌ ከዚያም በኪኒን ሰጥተው ለወራት ቀስ በቀስ ይቀንሱላታል፤ ፓፉም ከመድኃኒቷ ጋር በማይጋጭ ዓይነት ይለወጣል። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ግን እንዳታቋርጥ። በራሷ መጀመርም ሆነ ማቆም የለም፤ ለዓይን ጠብታም ይሁን ለቆዳ ቅባት፣ ለጉልበት መርፌም ይሁን ለአፍንጫ፣ የትም ብትሄድ የምትወስደውን ሁሉ ትናገራለች። የኤችአይቪ መድኃኒቷን ለምትወስድበት ለዚያኛውም ሆስፒታል ደብዳቤ ተጻፈ። ሁለቱም ደግ መድኃኒቶች ነበሩ፤ ያላስተዋወቀቻቸው እሷ ናት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራዋ ስትመለስ መጀመሪያ የሄደችው ወደዚያ መደርደሪያ ነው። ደግነቱ ያን መጽሐፍ ከኢታና በቀር የሚዋሰው የለም። ደብዳቤው እንደታጠፈ ነበር።

"ሉሊቴ፣ ዛሬ ከሄድሽ በኋላ እማዬ ሉሊት ከአስሟ ሌላ ሕመም አለባት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለባትም አልኳት። ለእናቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ዓይኗን እያየሁ ዋሸሁ፣ ሌላ ሰው እስክመስል ድረስ ቀለለኝ። እስከፈለግሽው ቀን ድረስ እዋሻለሁ። አንቺ ብቻ ጭንቅላትሽን አሞሽ አትሂጂብኝ።"

ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከመደርደሪያዎቹ መሀል ተማሪ በሌለበት ቦታ ቆማ ቀረች። ጉንጯ አሁንም ክብ ነው፤ ሐኪሟ ወራት ይፈጃል ብላታለች። ዘኪያም ጠዋት ትንሽ ቀነስሽ ብላ አዝና ነበር። ሉሊት አላዘነችም።

ማክሰኞ ኢታና ሁለት መጽሐፍ ይዞ መጣ። አንዱ የራሱ ነው። ሁለተኛውን "የእማዬ ነው" ብሎ ሰጣት። ወይዘሮ አስቻለች ከዚህ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተውሰው አያውቁም። ሉሊት ፈገግ ብላ ከፈተችው። ከገጾቹ መሀል፣ በወፍራም ወረቀት የተሠራች፣ በኪስ ቦርሳ የምትገባ ካርድ ነበረች። ጽሑፉ የመድኃኒት መስኮት ጽሑፍ ነው፤ ጥርት ያለ፣ አንዱ ፊደል ካንዱ የማይነካካ። የምትወስዳቸው መድኃኒቶች ሁሉ ከነመጠናቸው ተዘርዝረዋል። ከሥራቸው በቀይ ቀለም "ስቴሮይድ በድንገት አይቋረጥ፤ አዲስ ከመታዘዙ በፊት ይህ ይታይ" ይላል። ከዚያም እንደማንኛውም የሆስፒታል ካርድ፣ በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው የሚል መስመር አለ።

ሉሊት በዕድሜዋ ያን መስመር ስትሞላ የኖረችው ዓለሜ፣ አክስት ብላ ነው። የዓለሜ ስም አሁንም አለ፣ መጀመሪያ ላይ ነው የተጻፈው። ከሥሩ አንድ ስም ተጨምሯል። አስቻለች ይላል፣ ስልካቸው ይከተላል። ከጎኑ ዝምድና የሚል ቦታ አለ፤ ሽማግሌው ገና አልተላከም፣ ፋሲካም ገና ነው፣ ወይዘሮ አስቻለች ግን ሳይጠብቁ ሞልተውታል።

እናት ብለው ጽፈዋል።